በእግዚአብሔር መታመንና የጉባኤው ደጅ

በቋንቋችን «ማመን» እና «መታመን» ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው፤ ግንዱም በግእዝ «አምነ» የሚለው ግስ ነው። ማመን የተነገረውን ነገር እውነት ነው ብሎ መቀበል ሲሆን፥ መታመን ግን ከዚህ አልፎ ራስን በዚያ እውነት ላይ ማሳረፍ ነው። ድልድዩ ጽኑ መሆኑን ከማዶ ቆሞ የሚመሰክር ሰው አምኗል፤ ልጁን አዝሎ የሚሻገርበት ግን ታምኖበታል። ስለዚህ ያመነ ሁሉ ታምኗል ለማለት አይቻልም። ሐዋርያው ያዕቆብ አጋንንት ስንኳ የእግዚአብሔርን አንድነት እንደሚያምኑ የጻፈው ይህንኑ ሊያስረዳን ነው (ያዕ. 2፥19)።

ዳሩ ግን ይኸው ቃል ሌላ ፊት አለው። ሰው አደራውን የሚሰጠው፥ ምሥጢሩን የሚገልጥለት፥ በሌለበት ጊዜ ቤቱን የሚያስጠብቀው ወዳጁ «ታማኝ» ይባላል። «ምእመን» የሚለውም ስማችን ሁለቱን ያጣምራል፤ በእግዚአብሔር የታመነ፥ ሌላውም ሊታመንበት የሚችል ሰው ማለት ነው። ብዙዎቻችን የስሙን ፊተኛ ፍች ይዘን ሁለተኛውን ስለምንዘነጋው፥ በዚህ ትምህርት ሁለቱን አብረን ልንመለከት ወደድን። በእግዚአብሔር መታመን የሚማሩት በጉባኤ መካከል ነውና፥ ጉባኤው ራሱ የሚታመንበት ካልሆነ ትምህርቱ ከደጅ ይመለሳል።

መታመን በሰውና በፈጣሪው መካከል በስውር የሚፈጸም ነገር ነው፥ ጉባኤ ምን ያደርግለታል? የሚሉ አሉ። ጌታችን በስውር መጸለይን ማስተማሩ እውነት ነው (ማቴ. 6፥6)። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ፥ ጥቂት ቍጥሮች ዝቅ ብሎ፥ ያስተማረን ጸሎት «አባቴ» ሳይሆን «አባታችን» ብሎ ይጀምራል። በእልፍኙ በሩን ዘግቶ የሚጸልየው ክርስቲያን እንኳ ብቻውን አይጸልይም ማለት ነው።

ይህን ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚገልጥልን በቅፍርናሆም የተደረገው ተአምር ነው (ማር. 2፥1-12)። አንድ ሽባ ሰው አራት ሰዎች ተሸክመው አመጡት። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ስለ ነበር መግቢያ አጡ፤ ጣራውንም ነድለው አልጋውን ወደ ጌታ ፊት አወረዱት። ወንጌላዊው ጌታ ያየውን ሲነግረን የሽባውን እምነት ለይቶ አልጠቀሰም፤ የእነርሱን እምነት አየ ብሎ በብዙ ቍጥር ጻፈ። ሽባውም በጣራ በኩል ሲያወርዱት እሺ ማለቱ የእምነት ምልክት ነው የሚሉ መምህራን አሉ፤ አንቃወማቸውም። ይሁን እንጂ ለበሽተኛው ያን ቀን ከራሱ ጕልበት ይልቅ የአራቱ ትከሻ እንደ ጠቀመው ግልጥ ነው። በእግዚአብሔር መታመን ሲያቅተን ታምነው የሚሸከሙን ሰዎች ያስፈልጉናል።

በዚህ ታሪክ አንባቢ ሁሉ አልፎት የሚሄድ አንድ ነገር አለ። በሩን የዘጉት ሰዎች ማን ነበሩ? የክርስቶስ ጠላቶች ብቻ አይደሉም። ቃሉን ለመስማት በጊዜ የመጡ፥ ቦታቸውን የያዙ፥ ዐይናቸውን ከጌታ ያላነሡ ሰዎች ናቸው። ፊታቸው ወደ ክርስቶስ ስለ ነበር ጀርባቸው ወደ በሩ ሆነ። ማንንም ለመከልከል አላሰቡም፤ ሆኖም በሽተኛው መግባት አልቻለም። ይህ ነገር በየሰንበቱ በየአጥቢያችን ሊደረግ የሚችል መሆኑን ካህናትም ምእመናንም ልናስብ ይገባናል።

ወደ ሀገራችን ምድር እንመለስ። ከአርባ ምንጭ ወጥቶ በሶዶ መንገድ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ሩቅ ሳይሄድ ጫኖ ይደርሳል፤ ጫኖ ሚሌ፥ ጫኖ ዶርጋ፥ ጫኖ ጫልባ የተባሉት መንደሮች በዚያ ይገኛሉ። በስተ ምሥራቅ የአባያ ሐይቅ፥ በስተ ምዕራብ የጋሞ ደጋ ተራራ ይዋሰኗቸዋል። ከደጋው የሚወርደው የሀሬ ወንዝ እርሻቸውን ያጠጣል፤ ሙዙና ማንጎውም በመኪና ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። የደጋው ሰው ይህን ቆላ ስለ ወባው ሲፈራው የኖረ ነው። ቢሆንም በደጋው መሬት ሲጠብ፥ በ1950ዎቹም የጋሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ሲዛወር፥ ወደ ቆላው የወረደው ሕዝብ እየበዛ ሄደ። እንግዲህ በዚህ አካባቢ በአንድ ቅጽር የሚሰበሰበው ጉባኤ አባቱ ወይም አያቱ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው የበዛበት ነው። እንግዳ መቀበል ለእንዲህ ያለው ጉባኤ የራሱን ታሪክ ማስታወስ ነው።

በዚሁ መንገድ ወደ ሰሜን ገፋ ሲሉ በምዕራብ አባያ በኩል የብርብር ማርያም ቤተ ክርስቲያን በተራራ ላይ ትገኛለች። ጥንታዊት ናት፤ ያቆየችውም ባለ ሥዕል የብራና ወንጌል በታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. የተደረገው የግራኝ አሕመድ ጦርነት የደቡቡን ምድር ከመካከለኛው መንግሥትና ከጳጳሱ መንበር ለይቶ ከተወው በኋላ፥ ይህ መለያየት እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ቆየ። በዚያ ረጅም ዘመን የብርብር ሰዎች ቅርሱንና የማርያምን ስም ጠብቀው አቆዩ። በጋሞ ደጋም ሕዝቡ የመስቀልን በዓል ከበዓላት ሁሉ አልቆ ሲያከብር ኖረ። አንድ ሰው ብቻውን ሦስት መቶ ዓመት መታመን አይችልም፤ ዕድሜው አይበቃውም። ይህን ያህል ዘመን የሚታመን ጉባኤ ብቻ ነው፤ አባት ለልጁ፥ ልጅም ለልጁ አደራውን እያስተላለፈ።

መታመን ግን ውል ወይም ንግድ አለመሆኑን እዚህ ላይ ማስገንዘብ ያስፈልጋል። ነቢዩ ዕንባቆም በለሷ ባታብብ፥ እርሻው እህል ባይሰጥ፥ ከብቱም ከበረት ቢጠፋ በእግዚአብሔር ደስ እንደሚለው ተናግሯል (ዕንባ. 3፥17-18)። ይህ የዕንባቆም ጸሎት ከመዝሙረ ዳዊት ጋር ከሚደገሙት ከነቢያት ጸሎቶች አንዱ ስለ ሆነ ለካህናቱ በቃል የታወቀ ነው። ሙዙን ነፋስ የጣለበት የጫኖ ገበሬ ትርጓሜውን ሳይነግሩት ያውቀዋል። እንዲሁም ወባ የያዘው ልጁን ወደ ሐኪም የሚወስድ፥ በአጎበር ውስጥ የሚያስተኛ አባት እምነት ጐደለው አይባልም፤ ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን መጽሐፈ ሲራክ ያስተምራል (ሲራ. 38)።

ከዚህ የሚከብድ ጥያቄም አለ። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በጎረቤቱ በጎፋ ዞን፥ በገዜ ጎፋ ወረዳ፥ ከብርቱ ዝናም በኋላ መሬት ተንዶ ቤቶችን ዋጠ። የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶችም አፈር ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ ደረሰባቸው። ከሁለት መቶ በላይ ነፍስ ጠፋ። የቅፍርናሆሞቹ አራት ሰዎች ጣራ ቆፍረው ወዳጃቸው ድኖ አዩ፤ የጎፋዎቹ ደግሞ ስለ ወዳጆቻቸው ሲቆፍሩ ሞቱ። የእነዚያኞቹ እምነት በለጠ፥ የእነዚህ አነሰ የሚል ሰው ቢኖር አፉን ይዝጋ። ኢዮብን ሊያጽናኑ መጥተው የፈረዱበት ወዳጆቹ በእግዚአብሔር ዘንድ እንዴት እንደ ተወቀሱ ተጽፏል (ኢዮ. 42፥7)። ቤተ ክርስቲያን በእንዲህ ያለ ቀን የምታቀርበው መልስ ጸሎተ ፍትሐትና እግዚኦታ ነው። እግዚኦታ አርባ አንድ ጊዜ ሲደጋገም ልብ እንበል፤ ምሕረት የሚለምነው «ለእኔ» ሳይሆን «ለእኛ» ነው። ድምፁ በልቅሶ የታነቀበት ሰው ዝም ቢል ጎኑ የቆመው ይቀጥልለታል።

የቅዳሴያችን ሥርዐት ሁሉ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። ካህኑ ብቻውን አይቀድስም፤ ዲያቆኑ ያዛል፥ ሕዝቡ ይመልሳል። ስለ ሕሙማን፥ ስለ መንገደኞች፥ ስለ ዝናም፥ ስለ ምድር ፍሬ የሚቀርበው ልመና የማንንም ስም ሳይጠራ ሁሉንም ያስገባል። ከሌሊቱ ጀምሮ ትኩሳት ይዞት ከቤቱ ያልተነሣው፥ ሙዝ ጭኖ በሶዶ መንገድ ላይ ያለው ሾፌር፥ የሀሬ ውኃ የቀነሰበት ገበሬ በዚያ ልመና ውስጥ አሉ። ቍርባኑ ከመቅረቡም አስቀድሞ ሰላምታ እንድንለዋወጥ ዲያቆኑ ያዝዛል። ይህን ትእዛዝ ወዲህና ወዲያ አንገትን ዝቅ በማድረግ ብቻ ልንፈጽመው ለምደናል፤ የተሰጠን ግን ከጎናችን የቆመውን ሰው እንድናውቀው ነው።

ከሐዋርያት ትምህርት የተያዘው የዲድስቅልያ መጽሐፍ በዚህ ነገር የሚያስገርም ሥርዐት ሠርቷል። ድኻ ወይም ከሌላ ሀገር የመጣ እንግዳ ወደ ጉባኤው ቢገባና ቦታ ቢታጣ፥ ዲያቆኑ በፍጹም ልቡ ቦታ ይፈልግለት ዘንድ ያዝዛል። ሐዋርያው ያዕቆብም የወርቅ ቀለበት ያደረገውን በክብር አስቀምጦ ድኻውን ቁም የሚለውን ጉባኤ ይወቅሳል (ያዕ. 2፥1-4)። በእነዚህ ሁለት ምስክሮች ፊት የእንግዳ አቀባበል የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም፤ የቅዳሴው ሥርዐት ክፍል ነው።

እንግዲህ በጋሞ ምድር የኖረውን አንድ ልማድ ሳንሸሽግ እናንሣ። በጥንቱ ሥርዐት ባለ መሬቱ ወገን «ማላ» ይባላል፤ ሸክላ ሠሪው «ማና»፥ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ «ደጋላ» ይባላሉ። እነዚህ ባለ እጆች ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ፥ በአንድ ማዕድም እንዳይቀመጡ ተደርገው ኖረዋል። ይህ ነውር የጋሞ ብቻ አይደለም፤ በሰሜኑም ክፍል ባለ እጅ በቡዳነት ሲጠረጠር የኖረ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አሁን ወደ ቅኔ ማኅሌት እንግባና እንመልከት። ከበሮው የተወጠረበትን ቆዳ ማን አለፋው? መስቀሉንና ጸናጽሉን በእሳት ያበጀው ማን ነው? ጸበሉ የሚቀዳበትን እንስራ ማን ሠራው? የብርብር ማርያም ወንጌል የተጻፈበት ብራና ራሱ ቆዳ ነው። የእጃቸውን ሥራ ይዘን እግዚአብሔርን እያመሰገንን እነርሱን ከማዕድ ብናርቅ ምስጋናችን በማን ላይ ይፈርዳል?

ፈተናው የሚመጣው በቅዳሴው ሰዓት አይደለም፤ በዚያማ ሁሉም ጫማውን አውልቆ ይቆማል። ፈተናው ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ነው። ሰንበቴው ሲቀርብ፥ ዳቦው ሲቈረስ፥ ጠላው ሲቀዳ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ፥ ዋንጫው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሚያልፍ እዚያ ይታያል። ከአንድ ጽዋ የክርስቶስን ደም የተቀበሉ ሁለት ሰዎች ከአንድ ዋንጫ ጠላ ለመጠጣት ቢጸየፉ፥ በመጀመሪያው ጽዋ ምን ያህል እንደ ታመኑ ያጠያይቃል።

የቋንቋውም ነገር እንዲሁ ነው። ግእዙ የአባቶች ቅርስ ስለ ሆነ ይጠበቃል፤ ነገር ግን ስብከቱ በአማርኛ ብቻ ሲሆን ጋሞኛ የሚናገሩት አሮጊት ከድምፁ በቀር የሚይዙት የለም። ቃሉን ሳይሰሙ የሚመለሱ ከሆነ ከቅፍርናሆሙ በር ውጭ እንደ ቀሩ ይቈጠራል። የአካባቢው ተወላጆች በቅስናና በስብከት ሲሰማሩ ይህ ግድግዳ በእጅጉ ይፈርሳል።

ጋሞዎች ስለ መታመን ለኢትዮጵያ ሁሉ ያስተማሩት ትምህርት አለ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በተፈጸመው ግድያ የጋሞ ተወላጆች ከሞቱ በኋላ፥ በአርባ ምንጭ የተቈጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ አባቶች ግን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። በባህሉ ሣር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን አልፎ መሄድ ነውር ነውና ወጣቶቹ ተመለሱ። ያ ሥርዐት የአባቶች ባህል እንጂ የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት አይደለም፤ አንደባልቀውም። ቢሆንም ሽማግሌው ዱላ በያዘ ጎረምሳ እግር ሥር ጕልበቱን ሲያጥፍ ራሱን ለሌላ ኃይል አሳልፎ ሰጥቷል። እኛም በየቀኑ እንሰግዳለን። ስግደታችን ከምንጣፉ ላይ ተነሥቶ ደጅ ድረስ መውጣቱን ከእነዚህ አባቶች አንጻር ብንመረምር ነውር አይሆንብንም።

ለአጥቢያ ካህናትና ለሰንበቴ ማኅበራት የምናቀርበው አሳብ ቀላል ነው። በየሰንበቱ አንድ ሰው በቅጽሩ በር ይመደብ፤ ሥራውም አዲስ የመጣውን ሰው ስሙን ጠይቆ፥ ቦታ ሰጥቶ፥ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ደጀ ሰላሙ ማድረስ ይሁን። ይህን ሥራ ከማኅበሩ አባላት መካከል የተከበረው ሰው ቢይዘው ይሻላል። ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ደግሞ በዚያ ቀን ያልታየው ማን እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ በወባ የተኛ፥ ኀዘን የደረሰበት፥ ከጎረቤቱ ተጣልቶ የቀረ ይኖራል። አራት ሰዎችም ተመርጠው ጠበሉንና ዳቦውን ይዘው፥ ፀሐይ ሳይጠልቅ፥ ወደዚያ ሰው ቤት ይሂዱ።