«ጋዝ አልቋል»፦ በአቃቂ ቃሊቲ ያረጁ የቤት አየር ማቀዝቀዣዎች የብልሽት ምርመራ

በአዲስ አበባ የቤት አየር ማቀዝቀዣ እምብዛም አይታይም፤ የከተማዋ ከፍታ ሙቀቱን ስለሚያለዝበው አብዛኛው ነዋሪ መስኮት መክፈት ይበቃዋል። ከመሀል ከተማው ዝቅ ብሎ በሚገኘው፣ ፋብሪካ በበዛበትና የአዳማ መንገድ ከባድ ተሽከርካሪዎች በሚመላለሱበት በአቃቂ ቃሊቲ ግን መስኮት መክፈት አቧራና ጩኸት መጋበዝ ነው። ስለዚህ መሣሪያውን ያስገጠሙ ቤቶች አሉ። መሣሪያው አርጅቶ ቅዝቃዜው ሲቀንስም በቅድሚያ የሚሰነዘረው ምክንያት «ጋዝ አልቋል» የሚል ነው።

አነጋገሩ ራሱ ያሳስታል። የማቀዝቀዣ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ ሳይሆን በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የሚዞር ነው። ጎድሎ ከተገኘ የወጣበት ቀዳዳ አለ፤ ካልጎደለ ደግሞ የቅዝቃዜው ማነስ መንሥኤ ሌላ ነው። ሁለቱን የመለየቱ ኃላፊነት በተግባር የሚጣለው በግፊት መለኪያው (በጌጁ) ላይ ብቻ ሲሆን፣ በዚህ አካባቢ ደግሞ የጌጁ ንባብ ያለ ማስተካከያ ሊታመን አይገባውም።

አንደኛው ምክንያት ከፍታ ነው። በ2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የከባቢ አየር ግፊት ወደ 79 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል፤ በባሕር ወለል 101 ነው። ጌጁ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ ለባሕር ወለል ከተዘጋጀው የግፊትና የሙቀት ሰንጠረዥ ጋር የ22 ኪሎ ፓስካል ወይም የ3 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ልዩነት ይፈጠራል። በአር-22 በሚሠራ አየር ማቀዝቀዣ ይህ የአንድ ዲግሪ ገደማ ስሕተት ስለሆነ ችላ ቢባል ጉዳቱ ጥቂት ነው። በአር-134ኤ በሚሠራ የቤት ማቀዝቀዣ (ፍሪጅ) ግን በሰንጠረዡ −20 ዲግሪ ሴልሲየስ ተብሎ የተሞላው ጋዝ በእርግጥ የሚተነው በ−24 ገደማ ነው። ከሁሉ የከፋው የቫክዩም ንባብ ነው። በባሕር ወለል ፍጹም ቫክዩም ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ ይነበባል፤ በአቃቂ ከ23 ብዙም አያልፍም። 30ን የሚጠብቅ ባለሙያ ፓምፑ ደክሟል ወይም ቧንቧው ያፈሳል ብሎ የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። በተቃራኒው 23 በማየቱ የረካም ቢሆን ቧንቧው ውስጥ እርጥበት መቅረቱን ከመርፌው ሊያውቅ አይችልም። እርጥበቱ ከዘይቱና ከጋዙ ጋር ተዋሕዶ አሲድ ስለሚፈጥር የኮምፕሬሰሩን ጥቅል ሽቦ ያበላሻል። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ፍጹም ግፊትን በማይክሮን የሚለካ መሣሪያ ነው፤ ከ500 ማይክሮን በታች ወርዶ፣ ፓምፑ ከተዘጋ በኋላም ተመልሶ ካልወጣ ቧንቧው ደርቋል።

ሁለተኛው ምክንያት ወቅቱ ነው። በክረምት ጠዋት የውጭው አየር ሲቀዘቅዝ የኮንደንሰሩ ግፊት ይወርዳል፤ ግፊቱ ሲወርድም በቀጭኑ ቱቦ (በካፒላሪው) የሚያልፈው ፈሳሽ ያንሳል። የመምጠጫው ግፊት ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ የውስጠኛው መጠምጠሚያም በረዶ ሊይዝ ይችላል። ጋዙ ሙሉ ሆኖ ሳለ ምልክቱ ሁሉ የጎደለ ያስመስለዋል። በዚህ ጊዜ የተጨመረ ጋዝ ሚያዝያ ሲደርስ ትርፍ ሆኖ ኮምፕሬሰሩን ያስጨንቃል። የከፍታው ስስ አየር ሲታከልበት ችግሩ ይብሳል፤ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአምስተኛ ገደማ ስለሚቀል የውጭው ማራገቢያ የሚያሻግረው የአየር ክብደትም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። የአካባቢው መጠነኛ ሙቀት ይህን ጉድለት ያካክሰዋል። ሆኖም በኮንደንሰሩ ክንፎች መካከል አቧራ ሲጠቀጠቅ ማካካሻው ይጠፋል። በአቃቂ ቃሊቲ ክንፎቹን ማጠብ ከማንኛውም ጥገና መቅደም ያለበትም ለዚህ ነው።

የተደፈነ የአየር ማጣሪያም የመምጠጫውን ግፊት ዝቅ ያደርጋል። ከጋዝ ጉድለት የሚለየው ሱፐርሂት ነው፤ ይኸውም ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመለሰው ጋዝ ከመትነኛው ሙቀት በላይ የጨመረው ሙቀት ማለት ነው። ማጣሪያው ሲደፈን ሱፐርሂቱ ያንሳል፤ ጋዙ ሲጎድል ይበዛል። የቅዝቃዜ ወቅት ግን ሱፐርሂቱንም ከፍ ስለሚያደርግ፣ ምርመራውን ወደ ሞቃት ሰዓት ማዘዋወር ወይም ኮንደንሰሩን በከፊል ሸፍኖ ግፊቱን ማስነሣት ያሻል።

ጋዙ በእርግጥ ጎድሎ ከሆነ ቀዳዳው በናይትሮጅን ግፊትና በሳሙና አረፋ መፈለግ አለበት፤ ያረጁ መሣሪያዎች በብዛት የሚያፈሱት በነት ከታሰሩ መጋጠሚያዎችና ከመሙያው ቫልቭ ነው። ሳይደፍኑ መሙላት ለአር-22 ባለቤቶች ዘለቄታ የለውም። በሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ኢትዮጵያን የመሳሰሉ ታዳጊ አገሮች የዚህን የጋዝ ዓይነት ፍጆታ እ.ኤ.አ. በ2025 በ67.5 ከመቶ መቀነስ፣ በ2030 ደግሞ ለነባር መሣሪያዎች ጥገና ከሚፈቀደው ጥቂት መጠን በቀር ማቆም ይጠበቅባቸዋል። ከጥገናው በኋላ ጋዙ በመሣሪያው ሰሌዳ በተጻፈው ክብደት ልክ በሚዛን ቢሞላ፣ ከፍታውም ወቅቱም ስሌቱን አያዛቡትም።

ከጋዝ ጋር ጭራሽ የማይገናኝ፣ ግን በዚያው ስም የሚጠራ ብልሽትም አለ። ኢንቨርተር ባልሆነ መሣሪያ የሞተሩ የመነሻ ጉልበት በቮልቴጁ ስኩዌር ልክ ስለሚወርድ፣ 220 ቮልቱ 180 ሲሆን ጉልበቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ዝቅ ይላል። መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ ደግሞ የሁለቱ ወገን ግፊት ገና አልተመጣጠነም። በዚህ ላይ ካፓሲተሩ በዕድሜ ከደከመ ኮምፕሬሰሩ ያንጎራጉራል እንጂ አይነሣም፤ መከላከያው ይቆርጠዋል፣ ማራገቢያው ግን ያልቀዘቀዘ አየር መንፋቱን ይቀጥላል። ኮምፕሬሰሩ ሞቷል ከመባሉ በፊት የካፓሲተሩ ማይክሮፋራድ ከተጻፈበት ቁጥር ጋር መነጻጸርና በመነሻ ቅጽበት ያለው ቮልቴጅ መለካት አለበት፤ ካፓሲተር መለወጥ ኮምፕሬሰር ከመለወጥ እጅግ ይረክሳልና።