የጥብስ ቅጠል፤ ተፈጥሮውና አያያዙ

የጥብስ ቅጠል (ሮዝመሪ) ዓመቱን በሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ መዓዛማ ቁጥቋጦ ነው። የትውልድ ቦታው በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ የሚገኘው ደረቅና ድንጋያማ አገር ሲሆን በሶብላ፣ ጦስኝና ናና ከሚመደቡበት ከላሚያሴ ቤተሰብ ይመደባል። ሳይንሳዊ ስሙ ለረጅም ዘመን ሮዝማሪነስ ኦፊሲናሊስ ነበር፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ሳልቪያ ሮዝማሪነስ ተብሏል። በሰነዶች ላይ ሁለቱም ስሞች ስለሚገኙ ተክሉ አንድ መሆኑን ለማኅበራት አባላት ማስረዳት ይገባል።

ቅጠሉ ጠባብ፣ ጠርዙ ወደ ታች የተጠቀለለ፣ ከበታቹም ነጭ ጸጉር ያለበት ነው። ይህ አሠራሩ እርጥበት እንዳይባክን ይረዳዋል። ድርቅን የሚችለው ይህ ተክል ግን ውኃ የሚተኛበትን መሬት አይችልም፤ ሥሩ ይበሰብሳል። በዋልካ መሬት ላይ ማጠንፈፊያ ቦይ ሳይወጣለት ከተተከለ የአባላቱ ድካም በአንድ ክረምት ከንቱ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ውኃ የማይቋጥር መሬት ወይም ከፍ ያለ መደብ እንዲመረጥ እንመክራለን።

ዘሩ በዝግታና ባልተስተካከለ ሁኔታ ስለሚበቅል ከጤናማ እናት ተክል ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የቅርንጫፍ ቁራጭ ወስዶ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፎ በችግኝ መደብ ላይ ማሥረጽ ይሻላል።

በአጨዳ ጊዜ ገበያው ቢያስቸኩልም እስከ አሮጌው እንጨት ድረስ መቁረጥ አይገባም፤ ቅጠል የሌለው ግንድ መልሶ ማቆጥቆጥ ይሳነዋል። በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ከተተወ ግን አንዱ ተክል ለብዙ ዓመታት ይታጨዳል።