በቅዳሴ ጊዜ ሕፃን ስለ ማጥባት

አራስ ሕፃን በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ያህል ይጠባልና የቅዳሴውን ፍጻሜ መጠበቅ አይችልም። እናቱ በኀፍረት ወደ ደጅ ብትወጣ ከስብከቱም ከቅዱስ ቍርባኑም ትለያለች።

ነፍስ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2017 በጌታ ጥምቀት በዓል በሲስቲና ቤተ ጸሎት ሕፃናትን ሲያጠምቁ፣ እመቤታችን ኢየሱስን እንዳጠባች እናቶችም በዚያው ሳይፈሩ እንዲያጠቡ ጋብዘዋል።

እናቶች ሆይ፣ ሕፃኑ አፉን ከፍቶ ጡት ሲፈልግ ወይም እጁን ሲጠባ ርቦታል፤ ልቅሶ የዘገየ ምልክት ነውና ሳትጠብቁ ነጠላችሁን ደርባችሁ አጥቡት፤ አየር እንዲያገኝ ግን ፊቱን አትሸፍኑ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም መደገፊያ ያለው መቀመጫ ከዳር ያዘጋጁ፤ የሚያጉረመርም ቢኖር በትሕትና ያስረዱት።

ሕፃኑ ከእናቱ ጡት፣ እናቱም ከጌታ ማዕድ በአንድነት ይመገቡ።