መንገድ ማስፋት ላይ ለተመደበች ልጄ

ልጄ፣ የመንገድ ማስፋፊያ ፕሮጀክት ላይ መመደብሽን ሰማሁ። በባዶ ሜዳ አዲስ መንገድ መቅደድና በሥራ ላይ ያለውን ማስፋት ለየቅል ናቸው። አንቺ የምታሰፊው መንገድ ላይ ዛሬም መኪና ያልፋል፣ ዳሩ ላይ ሰው ይኖራል፣ ከሥሩ ቧንቧና ኬብል ተቀብሯል። ሥራሽ የሚፋጠነውም የሚጓተተውም በእነዚህ ነው፤ አስፋልቱ ቀላሉ ክፍል ነው።

1. መጨናነቁ ከዚህ ሲነሳ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቂ። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ከአዳማ ሲንደረደር የመጣው መኪና ቱሉ ዲምቱ ላይ ከአሮጌው የቃሊቲ መንገድ ጋር ይፋጠጥ ነበር። የጅቡቲ ጭነት፣ ሚኒባስ፣ የፋብሪካ ሰርቪስ፣ ሁሉም እዚያ ነው። የቃሊቲው መንገድ መስፋቱ ግድ ነበር። አንቺም የፕሮጀክትሽን መነሻና መድረሻ አደባባዮች ከመሃሉ አብልጠሽ አጥኚ።

ማስፋት ብቻውን እንደማያድን ደግሞ በአሜሪካ ሂዩስተን ታይቷል። ኬቲ ፍሪዌይ የሚባለው አውራ መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2008 በ2.8 ቢሊዮን ዶላር ተስፋፋ፤ የጎን መንገዶቹ ሲቆጠሩ በሰፊው ቦታ 26 መስመር ይደርሳል። ሆኖም ከ2011 እስከ 2014 ባለው ጊዜ የማታው የመውጫ ሰዓት ጉዞ ከግማሽ በላይ ረዘመ። መንገዱ ሰፋ ሲባል ሰዉ ራቅ ብሎ ቤት ሠራ፤ በሌላ ሰዓት ይወጣ የነበረውም በዚያው ሰዓት መውጣት ጀመረ። ስለዚህ ለአውቶቡስ የተለየ መስመር ይያዝ ብለሽ በስብሰባ ላይ ተናገሪ። አዲስ ነኝ ብለሽ ዝም አትበይ።

2. በጀቱ ሳይያዝ ግንብ ላይ ቀለም አታስቀቢ። ሥራ ሲዘገይ «የወሰን ማስከበር ችግር» ይባላል፤ ሰሚው ነዋሪው እምቢ ያለ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ያልደረሰው ግምቱ፣ ገንዘቡ ወይም ምትክ ቦታው ነው። አጥሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር የተጻፈበት ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣሪያው ቢያፈስ ቆርቆሮ አይቀይርም። ይፈርሳል የተባለ ቤት ተከራይ አያገኝም። የተጀመረች ክፍል ሳትለሰን ትቀራለች። ፕሮጀክቱ ሁለት ዓመት ቢዘገይ እሱም ሁለት ዓመት እንዲሁ ይቀመጣል፤ ይህን ኪሳራ የሚጽፍለት የካሳ ሰንጠረዥ አላየሁም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 ካሳው ተመጣጣኝ እንዲሆንና በቅድሚያ እንዲከፈል ያዝዛል። የካሳውን አዋጅ ቁጥር 1161/2011ንም ከማሻሻያው ጋር ራስሽ አንብቢው፤ ለካሳ ኮሚቴው ብቻ አትተዪው። ዶዘር ከካሳው ቀድሞ ከደረሰ ጥፋቱ የኛ የመንገድ ሠሪዎቹ ነው። ደግሞ የሚነሱት ሰዎች ቤት ሂጂ። እማማ ቡና ካፈሉ ቁጭ በይና ጠጪ፣ መቼ እንደሚነሱ እውነቱን ንገሪያቸው። ቀኑ ካልታወቀም አልታወቀም በያቸው።

3. በመሬት ውስጥ መስመሮች ካርታ አትተማመኚ። ኤክስካቫተር ከመግባቱ በፊት በዶማና በአካፋ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሪ። በካርታው ከአጥሩ ሥር የተሳለው ቧንቧ መንገዱ ጠርዝ ላይ ይገኛል፤ ማንም ያልመዘገበው አሮጌ ኬብል ከጎኑ ይወጣል። ጥልቀቱን ለኪ፣ ፎቶ አንሺ፣ ምልክት አድርጊ። ለውሃ፣ ለመብራትና ለቴሌ ደብዳቤ መጻፍ ብቻውን አይበቃም። የማዛወሪያው ክፍያ መግባቱን በአካል ሄደሽ ተከታተዪ።

4. ከአሮጌው አስፋልት ጋር የሚገጥመው ጠርዝ ላይ ቆመሽ አሠሪ። አሮጌው ክፍል ለዓመታት በጭነት ተረግጦ ተደላድሏል፤ አዲሱ ገና መስመጥ አለበት። አፈሩ በአቃቂ በኩል እንዳለው ጥቁር አፈር ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ቆርጠሽ አውጥተሽ በሰሌክት ማቴሪያል (በተመረጠ የሙሌት አፈር) ተኪው። የድሮውን ጠርዝ በደረጃ በደረጃ እያስቆረጥሽ አዲሱን ሙሌት አስይዢው፤ በየንብርብሩ ይጠቅጠቅ፣ ይፈተሽ። ይህ ካልተደረገ ብዙ ክረምት ሳያልፍ ልክ በመጋጠሚያው ላይ ቁመቱን ተከትሎ የሚሄድ ስንጥቅ ታያለሽ፤ በዚያ ውሃ ይገባና መንገዱ ይቦረቦራል። ተቋራጩ «ሌሊቱን ጠቅጥቀናል፣ ጠዋት እናንጥፍ» ቢልሽ የፈተናው ውጤት እጅሽ ሳይገባ አትፈርሚ።

5. ዓመቱን ከመስከረም ቁጠሪ። ወሰኑ በጥቅምት ካልተከፈተ በጋው በድርድር ያልቃል፣ ከዚያ ክረምት ነው።

6. በመቶኛ ብቻ ሪፖርት አታድርጊ። ተቋራጭ የሚሠራው ነጻ ቦታ ባገኘበት ነው፦ 300 ሜትር ያነጥፋል፣ ያልተነሳ ቤት ይዘላል፣ ከማዶ ይቀጥላል። በክፍያ ሰርተፍኬቱ ላይ ሲደመር 70 በመቶ ይወጣዋል፤ ሾፌሩ ግን አሁንም በአንድ መስመር ይጋፋል። ከመቶኛው ጎን ሳይቆራረጥ ለትራፊክ የተከፈተውን ርዝመት በሜትር ጻፊ። የቀሩትን ቤቶችና ምሰሶዎች ዘርዝሪ፤ እያንዳንዱ የየትኛውን መሥሪያ ቤት ውሳኔ እንደሚጠብቅም ይታይ። አለቃሽ ላይወደው ይችላል። ቢሆንም ጻፊው።

7. እግረኛውን ከሥዕሉ አታውጪ። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው። ስድስት መስመር በ3.5 ሜትር 21 ሜትር ይሆናል። በሰከንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ጤነኛ ሰው ለመሻገር 17 ሰከንድ ተኩል ይፈጅበታል፤ ምርኩዝ የያዘ አዛውንት ወይም ልጅ ያዘለች እናት ከዚያ በላይ። መሃል ላይ ቆመው የሚጠብቁበት ደሴት ያስፈልጋቸዋል። በግንባታው ወቅትም ተለዋጭ መንገድ ለመኪና ብቻ አይሠራ። የትምህርት ቤት ልጆች በየት እንደሚያልፉ ሥራው ሳይጀመር ጠዋት ቆመሽ እይ፤ ቦዩ ሲቆፈር መሻገሪያ ጣውላው በዚያው ቀን ይነጠፍ። ዲዛይኑ ገና ሳይጸድቅ መሻገሪያዎቹን ቁጠሪያቸው፤ በሁለት መሻገሪያዎች መካከል ያለው ርቀት ከበዛብሽ ተጨማሪ እንዲገባ በጽሑፍ ጠይቂ።