የፒኤችፒና የኤክስኤምኤል ግጭት፦ መስመር 1 ላይ ምን አለ?

በዚህ አጭር ጽሑፍ ላካፍላችሁ የፈለግሁት ፒኤችፒ ከድረ ገጽ የአጻጻፍ ደረጃዎች ጋር የሚጋጭበትን አንድ ቦታ ነው። የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ የመመረቂያ ፕሮጀክቴን ለማቅረብ አንድ ቀን ሲቀረኝ ነው።

ፕሮጀክቱ በኤክስኤችቲኤምኤል 1.0 የተጻፈ የቆየ የመጻሕፍት ማውጫ ማሻሻል ነበር። በራሴ ኮምፒውተር በደንብ ይሠራል። ሰርቨር ላይ ስጭነው ግን ባዶ ነጭ ገጽ! ዳታቤዙን ጠረጠርኩ፣ የይለፍ ቃሉን ጠረጠርኩ፣ ሌሊቱ ተጋመሰ። በመጨረሻ የስህተት መዝገቡን ስከፍት ችግሩ መስመር 1 ላይ ነው ይላል። እንዴ! መስመር 1 ላይ እኮ ምንም የፒኤችፒ ኮድ የለም።

ያለው የኤክስኤምኤል መግለጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው የኤክስኤችቲኤምኤል 1.0 ደረጃ ሰነዶች በዚህ መግለጫ እንዲጀምሩ አጥብቆ ይመክራል። መግለጫው የሚከፈተው በ<? ነው። የፒኤችፒ አጭር መክፈቻም ያው <? ነው! ሾርት ኦፕን ታግ የሚባለው ቅንብር ኦን ከሆነ ፒኤችፒ ምልክቱን የራሱ አድርጎ ይወስድና ቀጥሎ ያለውን እንደ ኮድ ሊያነብ ይሞክራል፤ ኮድ ስላልሆነም አንድ ፊደል ሳያወጣ ይቆማል። ቅንብሩ በእኔ ማሽን ኦፍ፣ በሰርቨሩ ኦን ነበር።

ታዲያ ምን ይሻላል? ቅንብሩን ኦፍ ማድረግ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በዚያው ሰርቨር ላይ በአጭሩ መክፈቻ የተጻፉ ሌሎች ፋይሎች ካሉ ኮዳቸው መሥራቱ ቀርቶ እንዳለ ለተጠቃሚው ይላካል። የዳታቤዝ የይለፍ ቃል ያለበት ፋይል ከሆነማ ጉድ ፈላ! መግለጫውን በኤኮ ማሳተምም ይቻላል። እኔ ጨርሶ አጠፋሁት፤ ሰነዱ በዩቲኤፍ-8 እስከተጻፈ ድረስ ደረጃው ግዴታ አያደርገውም። (በነገራችን ላይ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ከዶክታይፕ በፊት ይህን መግለጫ ካገኘ ገጹን በአሮጌው ስልት ይስለው ስለነበር ያኔም ብዙዎች ይተዉት ነበር።)

ገጹ ተከፈተ፤ ቫሊዴተሩ ግን በርካታ ስህተቶች ቆጠረብኝ። ከዳታቤዝ የመጡ ርዕሶች ውስጥ & አለ፤ ፒኤችፒ እንደ ተራ ጽሑፍ አሳለፈው። ለፒኤችፒ ታግም ሆነ ሰላምታ ያው ጽሑፍ ነው፤ ደረጃውን የጠበቀ ይሁን አይሁን አይመረምርም። ስለዚህ መፈተሽ ያለበት የጻፍነው ፋይል ሳይሆን ሰርቨሩ የሚያወጣው ገጽ ነው። ኤችቲኤምኤልስፔሻልቻርስ የሚባለውን ፈንክሽን ጨምሬ ሲነጋጋ ጨረስኩ።

በዛሬው ኤችቲኤምኤል መግለጫው ስለማይጻፍ ነገሩ ያለፈበት ሊመስላችሁ ይችላል። በፒኤችፒ የአርኤስኤስ ወይም የኤስቪጂ ፋይል የምታወጡ ግን መስመር 1ን አንድ ጊዜ እዩልኝ።