በብርድ ወራት የደጋ አጋዘንንና ሌሎችን የጫካ አራዊት ስለ መጠበቅ



በኅዳር ወር በአንድ ማለዳ፥ በዲንሾ አካባቢ የሚኖር አንድ ገበሬ የአጋዘን ግልገል በጋቢው ጠቅልሎ ወደ እኔ አመጣ። ከጥድ ሥር ብቻዋን ተኝታ ስላገኛት እናቷ የሞተችባት መሰለው። ሌሊቱን ውርጭ ጥሎ ስለ ነበረ ከብርድ ሊያድናት አስቦ ነው። እኔም በዚያን ጊዜ ነገሩን አላወቅሁምና ሰውዬውን አመስግኜ ለግልገሊቱ የላም ወተት አጠጣሁ። በሦስተኛው ቀን ሞተች። በኋላ እንደ ተረዳሁት ግልገሊቱ የጠፋች አልነበረችም፤ እናቷ ደብቃት ለግጦሽ ሄዳ ኖሯል። ይህን የምነግራችሁ ደግ ልብ ብቻውን እንደማይበቃና ዕውቀትም እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ነው።

የብርዱ ወራት ጠባይ

በባሌ ተራሮች ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ ቀኑ ፀሓይ፥ ሌሊቱ ብርድ ነው። በሰኔቲ አምባ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ወርዶ ያውቃል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬቱ በቀን የያዘውን ሙቀት ወደ ላይ ይለቃል፤ ቀዝቃዛውም አየር ከባድ ስለ ሆነ ወደ ረባዳው ቦታ ወርዶ ይተኛል። ከዛፍ ሥር ግን ቅርንጫፉ እንደ ጣራ ሆኖ ሙቀቱን ያቆያል። በጎቻችሁ ውጭ ያደሩ እንደ ሆነ ወደ ዛፍ ሥር የሚጠጉት ስለዚህ ነው። አጋዘንና ድኩላም ከጥዱ፥ ከኮሶውና ከአስታው ሥር የሚጠለሉበት ምክንያት ይኸው ነው።

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። የሚኖረውም ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ባሉት ደጋዎች፥ ይልቁንም በባሌ ነው። ግልገሎቹ በብዛት የሚወለዱት ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ብርዱ ሲበረታ ገና የጥቂት ሳምንታት ወይም የጥቂት ወራት ዕድሜ ብቻ አላቸው። እናቲቱ ታጠባለች፤ ሣሩ ደግሞ እየደረቀ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ በውሻ ተባርራ የምትሮጥ አጋዘን ያላትን ጥቂት ጉልበት ትጨርሳለች፤ ግልገሏም ለጅብና ለነብር ትጋለጣለች። እንግዲህ የዚህ ትምህርት ዋና ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ በብርድ ወራት ለጫካ አራዊት የሚጠቅማቸው መኖ መስጠት ሳይሆን ጥሻቸውንና ጸጥታቸውን መተው ነው።

አራዊትን እንዴት እንመለከታለን?

ማለዳ ወይም ወደ ማታ ሂዱ፤ አጋዘን ለግጦሽ የሚወጣው ይልቁን በእነዚህ ሰዓቶች ነው። ነፋሱ ከአራዊቱ ወደ እናንተ የሚነፍስበትን ወገን ያዙ። ውሻ አታስከትሉ። አጋዘኗ አንገቷን ቀና አድርጋ ከተመለከተቻችሁ ባላችሁበት ቁሙ እንጂ አትቅረቡ። ወንዱ ጠምዛዛ ቀንድ አለው፤ ሴቲቱ ግን ቀንድ የላትም።

ውርጭ የጣለበት ማለዳ ለተመልካች በጣም ይረዳል። ሣሩ ተጋድሞ ውርጭ ያልነካው መኝታ ካገኛችሁ፥ አውሬው እስኪነጋ ድረስ በዚያ ተኝቶ ነበር ማለት ነው። መኝታው በውርጭ የተሸፈነ እንደ ሆነ ግን በሌሊት ተነሥቶ ሄዷል። በዙሪያው የውሻ ወይም የሰው ዱካ መኖሩን መርምሩ፤ ያስነሣው ምን እንደ ሆነ ከዚያ ታገኙታላችሁ።

ልናደርግ የሚገባን

1ኛ/ ብቻዋን የተኛች ግልገል ብታገኙ አትንኩ፤ አታንሡም። ቦታውን ለቃችሁ ሂዱ፤ እናቷ ለማጥባት ትመለሳለች።

2ኛ/ በእርሻችሁና በጫካው መካከል ያለውን ቁጥቋጦ በሙሉ አትመንጥሩ። አምጃና ጭቁኝ ለአጋዘን መጠለያም ምግብም ናቸው። ለማገዶ የወደቀውን ልቀሙ እንጂ የቆመውን ኮሶና ጥድ አትቁረጡ።

3ኛ/ ለግጦሽ ብላችሁ አስታውን አታቃጥሉ። አስታ ከጉቶው መልሶ ያቈጠቍጣል፤ ነገር ግን አውሬ የሚሸሽግ ጥሻ እስኪሆን ብዙ ዓመት ይፈጃል። ማር የምትቈርጡም ጪሱን ስትጠቀሙ እሳቱን በሚገባ ሳታጠፉ ከቦታው አትሂዱ።

4ኛ/ ውሻችሁን ሌሊት እሰሩ፤ በየጊዜውም አስከትቡ። በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ተላልፎ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ በመላው አገራችን የቀረው ወደ 500 ገደማ ብቻ ነው። ይኸው በሽታ ከብታችሁንና ልጆቻችሁንም የሚገድል መሆኑን አትርሱ።

5ኛ/ ገብሳችሁ እንደ ደረሰ ሳትዘገዩ እጨዱ፤ ክምሩንም ከጫካው ዳር አርቃችሁ ወደ ቤት አቅርቡ። የዘገየ ሰብል አጋዘንንም ከርከሮንም ይጠራል። የመጣውን በጩኸት አባርሩ እንጂ ወጥመድ አትዘርጉ፤ ወጥመድ እናትና ግልገል አይለይም። ያለ ፈቃድ ማደንም በሕግ የተከለከለ ነው።

6ኛ/ አጥር ስታጥሩ አራዊቱ ወደ ወንዝ የሚወርዱበትን መንገድ አትዝጉ። በበጋ ሌላ ውሃ አያገኙም።

ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

«ገብሴን ለሚበላ አውሬ ለምን እደክማለሁ?» የሚል ገበሬ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጉዳቱ የሚደርሰው በእርሱ ማሳ ላይ ነውና። ነገር ግን አጋዘኑን የሚሸሽገው ጥሻ የዝናቡንም ውሃ ይዞ ቀስ በቀስ ወደ ምንጭ የሚለቅ ነው። ከባሌ ተራሮች የሚወርደው ውሃ እስከ ሸበሌና እስከ ገናሌ ወንዞች ይደርሳል። ጥሻው ሲጠፋ አስቀድሞ የሚደርቀው ግን የቅርቡ የመንደር ምንጭ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የዕለት ተዕለት ጠባቂዎቹ ግን በዙሪያው የምትኖሩት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ በዘንድሮው ብርድ ከሁሉ አስቀድማችሁ ሁለት ነገር አድርጉ፤ ውሻችሁን ሌሊት እሰሩ፥ የማሳችሁን ዳር ቁጥቋጦ ሳትመነጥሩ ተዉ። ከዚያም አንድ ማለዳ ማልዳችሁ ወጥታችሁ መኝታውን ተመልከቱ። ውርጭ ያልነካው ሆኖ ካገኛችሁት ጥበቃችሁ ፍሬ አፍርቷል።