ኑዛዜ እንዲያስፈጽሙ ሲመረጡ፦ ለቡለን ወረዳ ነዋሪ

ሟች በኑዛዜው ስምዎን ከጠሩ አደራ ጥለውብዎታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ አስፈጻሚን እንደ ውርስ አጣሪ ይቆጥረዋል። ሥራው ንብረቱን መጠበቅ፣ ዕዳውን መክፈል፣ የተረፈውን ለባለመብቱ ማስረከብ ነው። ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፤ ይወጡታል።

ያዘጋጁ፦ ባለ መስመር ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ክላሰር፣ ቁልፍ ያለው ሣጥን።

1. ሞቱን ያስመዝግቡ። በ30 ቀን ውስጥ ቀበሌ ሄደው ያስመዝግቡና የሞት ምስክር ወረቀት ይውሰዱ። ኮፒ ያስነሡ፤ ዋናውን ሣጥን ውስጥ ይቆልፉ።

2. ኑዛዜውን ይፈልጉ። የሟችን ሣጥን ይመልከቱ። ሽማግሌዎችንና የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቤት ይጠይቁ። ሁለት ወረቀት ካገኙ ሁለቱንም ያስቀምጡ።

3. በሰው ፊት ያስነብቡ። ወራሾችን በሙሉ ይጥሩ። ሴት ልጅን፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደን ልጅ፣ ርቆ የሚኖረውንም አይዝለሉ፤ በሕግ እኩል ናቸው። የተገኙትን ሁሉ ያስፈርሙ።

4. ምስክሮቹን ይቁጠሩ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ 4 ምስክሮች ይፈልጋል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ከሆነ 2 ይበቃሉ። የቃል ኑዛዜ 2 ምስክሮች ይፈልጋል፤ የሚያገለግለውም ለቀብር ሥርዓት፣ ለልጆች ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው።

5. የኑዛዜ አስፈጻሚነት ማስረጃ ያውጡ። ኑዛዜውንና የሞት ምስክር ወረቀቱን ይዘው ለወረዳው ፍርድ ቤት ያመልክቱ። ማስረጃው ሳይደርስዎ ከባንክ ገንዘብ ለማውጣት አይሞክሩ።

6. ንብረቱን ይመዝግቡ። ሁለት ሽማግሌዎች አጠገብዎ ይኑሩ። ከብቱን በቀለምና በዕድሜ፣ በቆሎውንና ዳጉሳውን በኩንታል፣ ቀፎውን በቁጥር ይጻፉ። የባንክ ደብተሩን፣ የዕቁብ ገንዘቡንና ሟች ያበደሩትን ይጨምሩ። በየገጹ ግርጌ ያስፈርሙ።

7. የባልን ወይም የሚስትን ድርሻ ይለዩ። የጋራ ንብረቱ እኩሌታ በሕይወት ያለው የትዳር ጓደኛ ነው። ውርስ የሚባለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

8. መሬቱን ከሌላው ንብረት ለይተው ይመልከቱ። የይዞታ ደብተሩን ይዘው ወደ ወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። በመፈናቀል ጊዜ ደብተሩ ከጠፋ ይዞታው ከመዝገብ እንዲፈለግ ያመልክቱ። ዕዳ ለመክፈል ብለው መሬት አይሽጡ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም።

9. ባለዕዳውንም ባለገንዘቡንም ይጥሩ። በዕድርና በቀበሌ ያስነግሩ። ከሟች የተበደረ ይክፈል። ሟች ተበድረዋል የሚል ማስረጃውን ያሳይ።

10. በተራ ይክፈሉ። ሕጉ ያስቀመጠው ተራ ይህ ነው፦
- የቀብር ወጪ
- የማጣራት ሥራ ወጪ
- የሟች ዕዳ
- የቀለብ ዕዳ
- በኑዛዜ የተሰጡ ልዩ ስጦታዎች

ተዝካር ከቀብር ወጪ አይቆጠርም። ቤተሰቡ ከወደደ ከራሱ ያውጣ። ለከፈሉት ሁሉ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ክላሰር ውስጥ ያስገቡ።

11. ድርሻውን ያስረክቡ። ኑዛዜውን ዳግመኛ ያንብቡ። ለእያንዳንዱ የተባለውን ይስጡ። ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ይቀበሉ። የሕፃን ልጅ ድርሻ ለሞግዚቱ ይሰጥ።

12. ሂሳብ ያቅርቡ። ወራሾችን ሰብስበው የገባውን፣ የወጣውን፣ የተረፈውን ከደብተሩ ያንብቡላቸው። ጥያቄያቸውን በደረሰኝ ይመልሱ። ሲስማሙ ያስፈርሙ፤ አንድ ኮፒ ለእነሱ ይስጡ፣ አንዱን ለራስዎ ያስቀሩ። ነገ ክርክር ቢነሣ ምስክርዎ ይህ ወረቀት ነው።